«የመጀመሪያ አልበም» ስለ ተባለው የእጅጋየሁ ሽባባው ሥራ፤ ከደሃና ወገን የቀረበ ሒስ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እጅጋየሁ ሽባባው በ2001 ዓ.ም. «ጂጂ» በሚል ስም ያወጣችውን አልበም መመርመርና፣ ከዚሁ አልበም ጋር ተያይዞ የሚነገረውን «የመጀመሪያ» የሚል ቃል መመዘን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ከወዲሁ እንዲያስተውል እለምናለሁ።

ስለዚህ አልበም የሚነገረው በሁለት ወገን የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን ዘፋኟን ያወቃት በዚህ ሥራ ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ምንም እንዳልነበረ አድርጎ ያወድሳል። ሁለተኛው ወገን የቀድሞ ዘፈኖቿን ስለሚያውቅ፣ ዜማችን በባዕድ መሣሪያ ተበላሸ ብሎ ያዝናል። እኔ ግን ሁለቱም አንድ ነገር ዘንግተዋል እላለሁ፤ ይኸውም ዘፈን ወደ ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት በቤትና በመንደር የሚሰጠው ረጅም ትምህርት ነው። ይህን ትምህርት ያልቆጠረ ሒስ፣ ማወደሱም መንቀፉም ከግማሽ መንገድ የተጀመረ ይሆናል።

ምርመራው የሚቀርበው ከደሃና ወገን ስለ ሆነ፣ ስለ ቦታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ደሃና በዋግ ኽምራ ውስጥ የሚገኝ፣ ዋና ከተማው አምደወርቅ የሆነ ወረዳ ነው። እጅጋየሁ ግን በ1974 የተወለደችው በቻግኒ ነው፤ ቻግኒም ያለችው ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በአገው ምድር ነው። አገው በሚለው ስም ሁለቱ አገሮች ይዛመዳሉ፤ ነገር ግን የዋጉ ኽምጣና እና የአዊዎቹ አዊኛ ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ቋንቋዎች ናቸው እንጂ አንድ ቋንቋ አይደሉም። ስለዚህ ዘፋኟን «የእኛ ናት» ብዬ ለመውሰድ አልተነሣሁም። የሚያገናኘን ሌላ ነገር ነው። በሁለቱም አገር ልጅ የሚያድገው በቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ በእረኛ ዋሽንት፣ በሠርግ ዘፈንና በለቅሶ ግጥም መካከል ነው፤ በሁለቱም አገር አማርኛ ከአገው ቋንቋ ጎን ለጎን ይዘፈንበታል። የደሃና ሰው ይህን አልበም ሲሰማ፣ ከድምፁ ውስጥ የትኛው ከቤት እንደ መጣና የትኛው ከመንገድ እንደ ተገኘ ለመለየት የሚያስችል ጆሮ አለው።

1. ስለ ቃሉ

እጅጋየሁ ከ2001 በፊት ለኢትዮጵያውያን አድማጮች ሁለት አልበሞች አሳትማ ነበር። እንግዲህ በቁጥር ከሄድን «ጂጂ» ሦስተኛ እንጂ አንደኛ አይደለም። ሆኖም ከኢትዮጵያ ውጭ ያለው አድማጭ እንደ መጀመሪያ ሥራዋ አድርጎ ተቀበለው። ይህ በእሷ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። ማሕሙድ አሕመድ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሲዘፍን የኖረ ሰው ነው፤ ለኤውሮፓ አድማጭ ግን «የተወለደው» በ1986 አንድ የብራስልስ አሳታሚ «ኧረ መላ መላን» ባወጣ ጊዜ ነው፤ ዘፈኖቹም የተቀረጹት ከዚያ ከአሥር ዓመት በፊት ነበር። አስቴር አወቀም ካሴቶቿ በአዲስ አበባ ሲሰሙ ከቆዩ በኋላ፣ በ1989 በለንደን የታተመው «አስቴር» የተሰኘው አልበም እንደ መነሻዋ ተቆጠረ።

የጃማይካን ታሪክ ብናይም ነገሩ ያው ነው። ቦብ ማርሊና ጓደኞቹ ሸክላ ማስቀረጽ የጀመሩት በ1964 ነው። ክሪስ ብላክዌል የሚባለው የአይላንድ ሬከርድስ መሥራች በ1973 «ካች ኤ ፋየር» የተባለውን ሥራቸውን ባሳተመ ጊዜ ግን፣ ብዙ የእንግሊዝና የአሜሪካ አድማጭ እንደ አዲስ ጀማሪዎች ተቀበላቸው። ብላክዌል ከኪንግስተን የመጣውን ቅጂ እንዳለ አላወጣውም። የሮክ አድማጭ ጆሮ እንዳይርቀው ብሎ በለንደን ስቱዲዮ ጊታርና ኪቦርድ አስጨመረበት። ይህን እዚህ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ጂጂ»ን በ2001 ያሳተመው ፓልም ፒክቸርስ፣ ይኸው ብላክዌል በ1998 ያቋቋመው ድርጅት ነው። ዘዴውም የቆየ ዘዴ ነው፤ ከሩቅ አገር የመጣን ድምፅ ይወስዳል፣ ገበያው በሚያውቀው አጃቢ ያለብሰዋል፣ ከዚያም መጀመሪያ ብሎ ያቀርበዋል።

ይህ ማታለል ነው ማለቴ አይደለም። ነጋዴ ዕቃውን ወደ አዲስ ገበያ ሲያወጣ አዲስ ነው ማለቱ የሙያው ጠባይ ነው። ዘፋኟም ብትሆን ድምፅዋን ለዓለም የሚያሰማላት ሰው ማግኘቷ የሚያስነቅፋት አይደለም። ሒስ ጸሐፊ ግን የገበያን ቃል ሳይመረምር ተቀብሎ ሚዛን ካደረገው፣ የሚመዝነው ዘፈኑን ሳይሆን የአሳታሚውን ማስታወቂያ ይሆናል።

2. ስለ ድምፁና ስለ አጃቢው

አልበሙን ያቀናበረው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው፤ እሱም በኋላ የዘፋኟ ባለቤት ሆነ። ላስዌል የባስ ጊታር ተጫዋች ነው፤ በ1983 ከሄርቢ ሃንኮክ ጋር በሠራው ሥራ ይልቁን የታወቀ ነው። ለዚህም አልበም ሃንኮክን፣ ዌይን ሾርተርን፣ ፋሮህ ሳንደርስን የመሳሰሉ ታላላቅ የጃዝ ሰዎች ሰብስቧል፤ የሕንድ ታብላም ተጨምሯል። ዘፈኖቹ በአብዛኛው በአማርኛ የተዘፈኑ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነጥብ ማስረዳት አስፈላጊ ነው። በእኛ ልማድ ማሲንቆ ዘፋኙን ይከተላል። ዜማው አንድ ነው፤ ጉሮሮውና መሣሪያው ያንኑ አንድ ዜማ እየራሳቸው ይሄዱበታል፤ አንዱ ሲያጥፍ ሌላው ይዘረጋል። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ፣ ቅኝቶቻችን በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። በጃዝ ግን ከዜማው ሥር ሐርመኒ የሚባለው የድምፅ ድርብርብ አለ፤ ይህም ድርብርብ በየጊዜው እየተለወጠ ዜማውን ወደ ፈለገበት ይነዳዋል። በአምስት ድምፅ የቆመ ዜማ ብዙ ሐርመኒ ሲጫንበት ከሁለት ነገር አንዱ ይደርስበታል፤ ወይ ይታፈናል፣ ወይም ከሥሩ ያለውን ሳይሰማ ለብቻው ይሄዳል።

ላስዌል ይህን አደጋ በከፊል ያመለጠው በጃማይካው የደብ ስልት ነው። በደብ ውስጥ ባሱ ከፊት ይቆማል፣ ጥቂት ድምፆችን ደጋግሞ ይመታል፣ በመካከሉም ሰፊ ባዶ ቦታ ይተዋል። ይህ ለኢትዮጵያ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በገና የሰማ ሰው ከታች የሚያጉረመርመውን የጅማት ድምፅና በላዩ በዝግታ የሚሄደውን የሰው ድምፅ ያውቃል። በዚህ አልበም ውስጥ ባሱ ብቻውን ከድምፅዋ ሥር ሲንከባለል የሚደረገው ጋብቻ የሚሰምረው፣ በእኔ ግምት፣ በዚህ ምክንያት ነው። ድምፅዋ እንደ ልቧ የሚታጠፍበትና የሚዘረጋበት ቦታ ያገኛል። ሳክስፎንና ኪቦርድ ተሰብስበው ክፍተቱን ሲሞሉት ግን ቃሉ ይዋጣል፤ አማርኛ የማይሰማ ሰው ምንም አይጎድልበትም፤ እኛ ግን ግጥሙን ፍለጋ ጆሮአችንን እናቀናለን።

የዚህ መንገድ መጨረሻ ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት የሚፈልግ ሰው፣ ላስዌል በ2003 እነዚያኑ ዘፈኖች እንደገና አቀናብሮ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» በሚል ስም ያወጣውን ሥራ ያድምጥ። እዚያ የሰው ድምፅ ከመሣሪያዎቹ እንደ አንዱ ሆኗል፤ ግጥሙ ተቆራርጦ ጥላ ብቻ ቀርቷል። ለዳንኪራ ወይም ለዕረፍት የሚያዳምጥ ሰው ይወደው ይሆናል። ግጥም የዘፈን አጥንት ነው ብሎ ለሚያምን አገር ግን ይህ ሥጋ ብቻ ነው።

በተቃራኒው ከአልበሙ ሁሉ የላቀው «ዓድዋ» የተሰኘው ነው ብዬ እፈርዳለሁ። የ1896ቱን ድል የሚያነሣ ዘፈን ሲባል፣ የዋግም ሆነ የሌላ አገር ሰው የሚጠብቀው ቀረርቶና ሽለላ ነው። እጅጋየሁ ግን ፉከራውን ትታ በዝግታ፣ ሐዘን በተቀላቀለበት ምስጋና ትዘፍነዋለች፤ አጃቢውም ወደ ኋላ አፈግፍጎ ቦታውን ለድምፅዋ ይለቅላታል። የሚሰማው ጌጥ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚያውቅ ጉሮሮ ጌጥ ነው። በልጅነቷ በወላጆቿ ቤት ከአንድ ካህን ዜማ እንደ ተማረች ይነገራል፤ ይህን ዘፈን የሰማ ሰው ያንን ትምህርት ሳይነግሩት ይረዳዋል። ሴቶች በማሕሌት ቆመው የማይዘምሩበት አገር ልጅ፣ በቤት የተማረችውን ዜማ ለዘፈን ማዋሏ ራሱን የቻለ ታላቅ ነገር ነው። በአልበሙ ውስጥ በእውነት «የመጀመሪያ» ሊባል የሚገባው ነገር ቢኖር ይህ ይመስለኛል፤ የቤት ውስጥ ዜማ፣ ሳያፍርና ሳይሸሸግ፣ እንደዚያ ባለ ትልቅ አደባባይ መቆሙ ነው።

3. ስለ ነቀፋው

አልበሙ በወጣ ጊዜ ከኢትዮጵያውያን አድማጮች አንዳንዶቹ ከለመዱት የዘፈን ስልት ወጣ ብለው ነቅፈውታል። ይህን ነቀፋ በንቀት ማለፍ አይገባም፤ ዜማውን ከመውደድ የመጣ ነውና። ነገር ግን ነቀፋው የቆመበትን መሠረት እንመርምር። ንጹሕ የሚባለው የከተማ ዘፈናችን ራሱ ከየት መጣ?

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ልጆች የነሐስ መሣሪያ ይዘው ባይመጡ፣ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ባያስተምር፣ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር። ዛሬ «የድሮ ዘፈን» ብለን የምንናፍቀው በትራምፔትና በሳክስፎን የታጀበ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 በኒው ዮርክ ባወጣው ሥራ ቅኝቶቻችንን ከላቲን አሜሪካ ምት ጋር አገናኝቷል። አምኃ እሸቴ በ1969 ባቋቋመው አምኃ ሬከርድስ ያሳተማቸው ዘፋኞችም የአሜሪካን ሶል ሙዚቃ ከቅኝታችን ጋር ያጋቡ ነበሩ። እንግዲህ መቀላቀል በራሱ ጥፋት ከሆነ፣ ጥፋቱ ከ2001 እጅግ የቀደመ ነው።

ከአልበሙ ዘፈኖች አንዱ «ጉራማይሌ» ይባላል። ጉራማይሌ ድድን አንዱን ወገን በንቅሳት አጥቁሮ ሌላውን በተፈጥሮው ትቶ የሚያስውቡበት ጌጥ ነው፤ ከዚያም ተነሥቶ የሁለት ቋንቋ ቅልቅል ንግግር ጉራማይሌ ተባለ። ልብ እንበል፤ ንቅሳቱ የሚያምረው ጥቁሩና ቀዩ እየራሳቸው ተለይተው ስለሚታዩ ነው። ሁለቱ ቀለም ተዋሕዶ አንድ ዳማ ቢሆን ጌጥነቱ ይቀራል። እኔም አልበሙን የምመዝነው በዚህ ነው። የዜማው መልክና የአጃቢው መልክ እየራሳቸው ሲታዩ ጌጥ ሆነዋል፤ አንዱ አንዱን ሲውጥ ግን ቅልቅሉ ደብዝዟል። ስለዚህ ነቃፊዎቹ «ለምን ተቀላቀለ?» ከሚሉ ይልቅ «የት ላይ ተዋጠ?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ ለዘፋኟም ለአድማጭም ይጠቅሙ ነበር።

4. ለዋግ ሰው ለምን ይገደዋል?

አንዳንድ አንባቢ፣ የአንድ ዘፋኝ አልበም ለደሃና ምን ያደርግለታል ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ከዓለም ሙዚቃ ታሪክ አንድ ሌላ ምዕራፍ ይፈልጋል።

በጥቅምት 1984 የቢቢሲ ጋዜጠኞች በጊዜው በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከቆረም የረኀቡን ፊልም ለዓለም አሳዩ። ያ ረኀብ ዋግን ክፉኛ የመታ ረኀብ ነው፤ በአገራችን ዛሬም ዕድሜ የሚቆጠርበት ዘመን ሆኗል። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች፣ በመጋቢት 1985 ደግሞ የአሜሪካ ዘፋኞች ተሰብስበው የርዳታ ዘፈን አወጡ፤ በሐምሌም «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ ትርኢት በለንደንና በፊላደልፊያ ተደረገ። የተሰበሰበው ገንዘብ ነፍስ አድኗል፤ ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው። ነገር ግን የወሎና የዋግ ሰው በዓለም የፖፕ ሙዚቃ ውስጥ የገባው በዚያ መንገድ መሆኑን አንርሳ፤ የሚዘፈንለት ሆኖ ገባ እንጂ የሚዘፍን ሆኖ አልገባም። ባቲንና አምባሰልን የመሰሉ፣ በቦታ ስም የሚጠሩ ቅኝቶች ያፈለቀ አገር፣ በዓለም ፊት የቆመው ድምፅ እንደሌለው ሰው ነበር።

ከዚያ 16 ዓመት በኋላ ከአገው ምድር የወጣች ልጅ በራሷ ቋንቋ፣ የራሷን ግጥም ይዛ፣ በዚያው ዓለም ገበያ ቆመች። ሃንኮክና ሾርተር አጃቢዎቿ ሆኑ። ይህ የቦታ መለዋወጥ ቀላል ነገር አይደለም። አልበሙ የቱንም ያህል ጉድለት ቢኖርበት፣ ስለ ሌላው ከመዘመር ሌላው ሲዘፍን ማጀብ እንደሚሻል ያሳየ ሥራ ነው፤ ለዋግ ሰውም ስለዚህ ይገደዋል።

5. የባለ ዋሽንቱ ስም

ሆኖም ያልተከፈለ ዕዳ አለ። በአልበሙ የባለሙያዎች ዝርዝር ውስጥ የባስ፣ የሳክስፎንና የታብላ ተጫዋቾቹ በየስማቸው ተጽፈዋል፤ ይህም ተገቢ ነው። ከዘፈኖቹ መካከል «ባለ ዋሽንቱ» እና «ካህን» የሚሉ አርእስቶች እናገኛለን። ሁለቱም ሰዎች የተጠሩት በሙያቸው ነው እንጂ በስማቸው አይደለም። ለዘፈን አርእስት ይህ ያምራል፤ ባለ ዋሽንት ሲባል እያንዳንዱ የራሱን አገር እረኛ ያስባልና። ለሙዚቃ ታሪክ ግን አይበቃም። ዋሽንት የሚነፋው እረኛ፣ ሠርግ የምታሞቀው አውራጅ፣ ሙሾ የምታወጣው አልቃሽ፣ ልጁን ዜማ የሚያስጠናው ካህን፣ እነዚህ ሁሉ የዘፋኝ መምህራን ናቸው። «የመጀመሪያ አልበም» የሚለው ቃል ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ ከእሱ በፊት ያለውን ሁሉ ስም የለሽ ያደርገዋል።

በደሃና ይህ ጉዳት እጥፍ ነው። ከእኛ ወረዳ የሚወጣ ዘፈን ወደ ከተማ ሲደርስ «ሕዝባዊ» ይባላል፤ ሕዝባዊ ከተባለ በኋላ ባለቤት የለውም፤ ማንም አንሥቶ ያስቀርጸዋል። በኽምጣና የሚዘፈነው ደግሞ ከከተማው ጭራሽ አይደርስም፤ ቢደርስም ቃሉን የሚያስረዳ ስለማይገኝ ዜማው ብቻ ተወስዶ ሌላ ግጥም ይለብሳል። በ2021 ጦርነቱ ዋግ ኽምራን ሲደርስ ብዙ ሰው ከቀየው ተፈናቅሏል። ሰው ሲፈናቀል ሠርጉም ደቦውም ይቋረጣል፤ በሠርግና በደቦ ብቻ የሚኖር ዘፈን ደግሞ በስደት ቤት አይዘልቅም።

6. የሚቀረው ሥራ

በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኢትኖሎጂ ማኅበራቸው መጽሔት ላይ ስለ ትውልድ አገራቸው ልማድ ይጽፉ ነበር። ድምፅ መቅረጫ በእጃቸው ስላልነበረ ያዩትንና የሰሙትን በቃል ብቻ አስቀሩልን። ዛሬ በየኪሳችን ያለው የእጅ ስልክ ድምፅ ይቀርጻል። የሚያንሰን መሣሪያው ሳይሆን ሥርዓቱ ነው።

ስለዚህ ለክረምት ዕረፍት ወደ ዋግ የሚሄዱ ጓደኞቼ ይህን እንዲያደርጉ አሳስባለሁ። አንድ ዘፈን ሲቀርጹ የዘፋኙን ሙሉ ስም በፈቃዱ ይጻፉ፤ መንደሩንና ቀኑን ያክሉ። የተዘፈነው በአማርኛ ይሁን በኽምጣና፣ ለሠርግ ይሁን ለአጨዳ ወይም ለለቅሶ፣ ይለዩ። ዘፋኙ ዘፈኑን ከማን እንደ ተማረ ይጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ለቅሶ ላይ ያለ ፈቃድ ስልክ አያውጡ፤ አልቃሿን በሌላ ቀን ቤቷ ሄደው ቢጠይቋት ይሻላል። ቅጂውንም ለዘፋኙ ሳይሰጡ አይመለሱ። መምህራኖቻችንም እንዲህ ያለውን መዝገብ እንደ ጥናት ሥራ ቆጥረው ቢያርሙልንና በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ቢያስቀምጡልን ታላቅ ርዳታ ይሆናል።

ከሰቆጣ ወይም ከአምደወርቅ የሚነሣ ዘፋኝ አንድ ቀን በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር አልበም ያወጣ ይሆናል፤ አሳታሚውም እንደ ወጉ «የመጀመሪያ» ብሎ ያቀርበዋል። መዝገቡ በእጃችን ካለ፣ በዚያ ሥራ ውስጥ የትኛው ዜማ ከየትኛው መንደርና ከማን እንደ መጣ፣ የትኛውም በእውነት የዘፋኙ የራሱ ፈጠራ እንደ ሆነ ለይተን ለመናገር እንችላለን። ለፈጠራው የሚገባውን ምስጋና የምንሰጠው፣ ለመምህራኑም የሚገባቸውን ስም የምንመልሰው ያን ጊዜ ነው።